በርበሬው ሻገተብኝ፣ ባምሰው ይድናል? የዓመቱን በርበሬ ከማስፈጨታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ



ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትበረታ ጭሮ ውስጥ የየግቢው መሬት ቀይ ይለብሳል። ሂርናም፣ በዴሳም፣ ገለምሶም ብትሄዱ ያው ነው። ሰሌንና ሸራ ተዘርግቶ በርበሬ ይሰጣል፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጣል፣ ከወፍጮ ቤት በኩል የሚመጣው ሽታ መንገደኛውን ሁሉ ያስነጥሰዋል። ሰርግ ያለበት ቤት፣ ታህሳስ 19 የቁልቢ እንግዳ የሚያርፍበት ቤት ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይጣደፋል።

ሰሞኑን ለደም ግፊት ክትትል የሚመጡ አንዲት እናት መድኃኒታቸውን ከወሰዱ በኋላ ከነጠላቸው ስር ፌስታል አወጡ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» አሉኝ። አምስት ስድስት ዛላ በርበሬ ነው። አንዱን ሰነጠቅኩት፤ ከውጭ ቀይ ነው፣ ውስጡ ግን ግራጫ አቧራ የመሰለ ሻጋታ ተኝቶበታል።

«5 ኪሎ ነው የገዛሁት፣ በእቁብ ብር። ብዙው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። በደንብ ባምሰው አይሞትም?»

ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁ እንደሆነ ስለማውቅ እሳቸውን አስፈቅጄ እዚህ ልመልሰው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ተማሪ እያለሁ እናቴ ይህንኑ በስልክ ጠይቃኝ «በደንብ ይታመስ፣ ይሞታል» ብያት ነበር። ተሳስቻለሁ። ሻጋታው ይሞታል፤ ትቶት የሚሄደው መርዝ ግን አይሞትም።

የመርዙ ስም አፍላቶክሲን ነው

አስፐርጊለስ የሚባል የሻጋታ ዓይነት እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በርበሬ፣ ለውዝ፣ በቆሎና ማሽላ ላይ ይበቅልና አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጣዕሙም አይታወቅም። መጠኑን የሚለካው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

እሳትስ? መርዙን ሙሉ ለሙሉ ለመበታተን ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ይፈልጋል። የሚፈላ ወጥ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምጣድ ላይ ማመስ የተወሰነውን ሊቀንስ ይችላል፣ ግን በርበሬው ሳያር ሁሉንም ማጥፋት አይቻልም። ያረረ በርበሬ ደግሞ ማን ይበላል?

ዓለም ይህን መርዝ ያወቀው በዶሮ ዘመድ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች (ፈረንጆቹ የሚያርዷቸው ትልልቅ ዶሮዎች) ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ። ኋላ ላይ ሲጣራ ችግሩ የተመገቡት የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

አትደንግጡ፤ በርበሬ እንደ በቆሎ በሰሃን ሞልተን አንበላም። አንድ ቀን በበላችሁት ወጥ ካንሰር አይዛችሁም። የበርበሬ ችግር ትንሽ ትንሽ፣ ግን በየቀኑ፣ ለዓመታት መሆኑ ነው። መርዙን የሚያጣራው ጉበት ነው፤ ሲያጣራም ራሱ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ተርታ መድቦታል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እስከ 30 እጥፍ ይሆናል።

እኛ ሐረርጌዎች ሌላም ምክንያት አለን። ማሽላችን ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለውዝ እንወዳለን። ሁለቱም ካልደረቁ ለዚሁ መርዝ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ በርበሬው በሌላው ላይ ተደራቢ ነው የሚሆነው።

በርበሬያችን የሚሻግተው የት ላይ ነው?

ሦስት ቦታ ነው።

አንደኛ፣ ቤታችን ሳይደርስ። በደንብ ሳይደርቅ ማዳበሪያ ውስጥ የታጨቀ፣ መሬት ላይ የተሰጣ፣ እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሳ ተብሎ ውሃ የተረጨበት በርበሬ አለ።

ሁለተኛ፣ እኛው ግቢ ውስጥ። ይሄኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። በርበሬው ተደልዞ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ሲቀላቀል እንደገና ይረጥባል። ጣዕሙ እንዲገባ ብለን ሸፍነን እናሳድረዋለን። አንድ ሌሊት ምንም አይደለም። ግን በማግስቱ ከደመነ፣ ወይ ሥራ በዝቶብን ሦስት አራት ቀን ታፍኖ ከቆየ፣ ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ከተፈጨ በኋላ። ከወፍጮ የመጣ ትኩስ በርበሬ ወዲያው ሲታሸግ ያልበዋል። እርጥብ ማንኪያም ሲገባበት ያው ነው።

እንዴት እናዘጋጀው?

ሙያውን እናቶቻችን ያውቁታል፣ እኔ ላስተምራቸው አልችልም። የእኛ ቤት ልኬት ለ5 ኪሎ ዛላ 1 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል፣ እፍኝ እፍኝ በሶብላና ጤና አዳም፣ ከዚያ ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ትንሽ ቅርንፉድና ቀረፋ ነው። የእናንተ ሊለይ ይችላል። እኔ የምጨምረው የጤናውን ብቻ ነው፦

1. ስትገዙ ስበሩት። ደረቅ ዛላ «ቀጭ» ብሎ ይሰበራል፣ ስትነቀንቁት ፍሬው ይንሿሿል። የሚታጠፍ ከሆነ እርጥበት አለው። ከማዳበሪያው አፍ ላይ ብቻ አትዩ፤ ከመሃልና ከታችም አስወጥታችሁ ሁለት ሦስቱን ሰንጥቁ።

2. ስትቀነጥሱ ልቀሙት። የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የነጣ፣ ነፍሳት የበላው በሙሉ ይውጣ። መልቀም መርዙን በብዙ ይቀንሳል። «ትንሽ ናት፣ ትግባ» አትበሉ፤ አንድ ክፉኛ የሻገተ ዛላ ብዙውን ሊበክል ይችላል።

3. ከመሬት አንሱት። በአልጋ፣ በቆጥ ወይም በንጹህ ሸራ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡ፣ በቀን ደጋግማችሁ አገላብጡ፣ ማታ ጤዛ ሳይነካው አስገቡ። የሚኤሶ ፀሐይ በሁለት ቀን የምታደርቀውን የሂርና ደጋ አራት አምስት ቀን ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ቀን አትቁጠሩ፣ ደረቅነቱን እዩ።

4. የሚረጥበውን ሥራ ከፀሐይ ጋር ቀጥሩ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን የምትቀላቅሉት ነገ ጠራራ እንደሚሆን ሲያስታውቅ ነው። አንድ ሌሊት ካደረ ይበቃል። ጠዋት በስሱ ተሰጥቶ በእጅ ሲጨበጥ እስኪንኮሻኮሽ ይድረቅ። ድንገት ከደመነ ቤት ውስጥ ይበተን እንጂ ተከምሮ አይጠብቅ። ወይም ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ለየብቻ ከትፋችሁ አድርቁና በደረቁ ቀላቅሉ።

5. ከወፍጮ ሲመጣ አቀዝቅዙት። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ሙሉ ለሙሉ ሲበርድ በደረቅና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡ። ለዕለት የሚሆነውን በትንሽ ዕቃ ለዩት። ትልቁ ዕቃ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፣ በየቀኑም አይከፈት።

6. ሰውነታችሁን ጠብቁ። ጓንትና ማስክ አድርጉ። አስም ያለበት ልጅ ካለ በዚያ ቀን ጎረቤት ይዋል። እጃችሁ ከተቃጠለ መጀመሪያ ዘይት ቀብታችሁ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ፤ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በውሃ ሳይሆን በዘይት ነው የሚሟሟው። አፍ ሲቃጠልም ከውሃ ይልቅ ወተት የሚያስታግሰው ለዚህ ነው።

የተጣለውን ለዶሮና ለላም አትስጡ። መርዙ በወተትና በእንቁላል ዞሮ ወደ ልጆቻችሁ ይመለሳል። ቅበሩት።

ስንበላውስ?

• ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ ጨው ሳይገባበት አስፈጩ። በርበሬው ላይ ጨው፣ ሽሮው ላይ ጨው፣ ወጡ ላይ ደግሞ ሌላ ጨው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በርበሬን ከሻጋታ የሚጠብቀው ዋናው ነገር ድርቀቱ ነው።

• «በርበሬ ጨጓራዬን አቆሰለው» ትሉኛላችሁ። የጨጓራ ቁስለት ዋና ምክንያቶች ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ ቁስሉን ባይፈጥረውም ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ የሚቀሰቅስባችሁ ከሆነ ቀንሱ፣ ተመርመሩም።

• ዓመት ላልሞላው ሕፃን በርበሬም ጨውም አያስፈልገውም።

• የተፈጨ ከመግዛት ዛላ ገዝታችሁ አስፈጩ። ሻጋታም ሆነ ባዕድ ነገር ዱቄት ውስጥ አይታይም።

ጉበታችሁን በሌላም በኩል ጠብቁ

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ቀላል የደም ምርመራ ነው፤ ተመርምራችሁ የማታውቁ ተመርመሩ። ነፃ ከሆናችሁ ስለ ክትባቱ ጠይቁ። ልጆቻችሁ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንታቸው የሚወስዱት ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ ስላለ ቀጠሮ አታሳልፉ። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሆድ ማበጥ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካያችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ጤና ተቋም ሂዱ።

ወደ እናታችን ልመለስ። «አይድንም እናቴ፣ የሻገተውን ይጣሉት» ስላቸው ዝም አሉ። የእቁብ ብር ነው፣ የዚህን ዓመት የበርበሬ ዋጋ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። «እዚህ ቁጭ ብሎ ማውራት ቀላል ነው» ቢሉኝ መልስ አልነበረኝም። አላሉኝም። ቤት ሄደው ከምራታቸው ጋር አንድ በአንድ እየሰነጠቁ ለቀሙት። በቀጣዩ ቀጠሮ «ሁለት ኪሎ አይሞላም የተረፈኝ» አሉኝ። «ዘንድሮ አልጫ እናበዛለን። ለከርሞ ግን ሳልሰብር አልገዛም።»

እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ስበሩት። ዘንድሮ በርበሬ ለምታዘጋጅ እናት፣ እህት፣ ጎረቤት ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉላቸው፤ ስልክ ለማይጠቀሙት ደግሞ ቡና ላይ አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ በተቻለኝ እመልሳለሁ።