ቤታችን ውሃ ሲገባው

ዝናብ ለገበሬ ሕይወት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ካልዘነበ ማሽላው አይፋፋም፣ ለከብቱም ሣር አይኖርም። ይሁን እንጂ ያው ዝናብ ማሳውን አልፎ ቤት ሲገባ ጠላት ይሆናል። ውጫሌና አካባቢዋ ተራራና ተዳፋት የበዛበት አገር እንደ መሆኑ፣ ከላይ የጣለው ዝናብ ወደ ታች ሲወርድ በየደጃችን ያልፋል።

እኛ ተማሪዎች ፊደል ለማስቆጠር ወደ ገጠር ስንወጣ ብዙ ነገር የምናውቅ ይመስለን ነበር። የጭቃ ቤት እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚፈርስ ያስተማሩን ግን ገበሬዎቹ ናቸው። እነርሱ ያሳዩንን፣ ከመጽሐፍም ያገኘነውን አዳብለን በዚህ ትምህርት እናቀርባለን።

ብዙዎቻችን ቤታችን ውሃ ሲገባው አንድ ነገር ብቻ እናደርጋለን። ዝናቡ ሲያባራ ጭቃ አቡክተን ግድግዳውን እንመርገዋለን። ቤቱ ላዩን ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደ ረጠበ ነው። ቁስል ሳይታጠብ በጨርቅ ቢሸፈን ውስጥ ውስጡን ይመግላል። እርጥብ ግድግዳም እንደዚሁ ነው፤ ምርጊት ሲለብስ ማገሩና ቋሚው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ቁም ነገር አንድ ነው፤ ውሃው የመጣበትን መንገድ ሳናውቅና ሳንዘጋ ግድግዳ አንምረግ።

1ኛ/ ከሁሉ በፊት ሰው

ጭድ ገብቶበት በደንብ የተረገጠ ጭቃ ሲደርቅ ጠንካራ ነው። ሲርስ ግን ይላላል። በተለይ ውሃ የግድግዳውን እግር ከነካ፣ የላዩን ክብደት ሁሉ የተሸከመው ሥሩ ይለሰልሳል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ እንዲያውም በማግሥቱ ሊወድቅ ይችላል። «ዝናቡ አባርቷል እኮ፣ ከእንግዲህ ምን ይመጣል?» ብሎ ከሥሩ መተኛት አደገኛ ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ አዲስ ስንጥቅ፣ የግድግዳ መንጋደድ ወይም ማበጥ፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ አልገጥም ማለት። አንዱ እንኳ ከታየ ልጆችንና ሽማግሌዎችን ይዘን ከጎረቤት እንደር። ከብትም ቢሆን ከዚያ ግድግዳ ሥር አይታሰር። ቤቱ መብራት የገባለት ከሆነ እርጥቡን ግድግዳና ሽቦውን አንንካ፤ ባለሙያ ይጠራ።

ከቤታችን በላይ ያለውንም ተዳፋት እንመልከት። መሬቱ አዲስ ስንጥቅ ካወጣ፣ ዛፉ ካዘነበለ፣ ምንጩ ድንገት ከደፈረሰ ቶሎ ከቦታው መራቅ ያስፈልጋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ወገንን ለማዳን መሮጥ የሰው ወግ ነው። ነገር ግን እየቆፈርን ሳለ ተራራውን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ማቆም አንርሳ።

2ኛ/ ዘርና ወረቀት

ሰው ከዳነ በኋላ ቀጥሎ የሚድነው እህል ነው። የረጠበውን እህል ከደረቁ እንለየው። ከዚያም በሰሌን ላይ በስሱ አስጥተን ቶሎ ቶሎ እናገላብጠው። ተከምሮ ከዋለ ይሞቃል፣ ይሻግታል። የሻገተ እህል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ቢቀቅሉትም ቢጋግሩትም አይጠፋም። ስለዚህ ለሰውም ለዶሮም አይሰጥ።

ለዘር የተቀመጠው ከረጠበ ከመዝራታችን በፊት እንፈትነው። 100 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ እንጠቅልል፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ውሃ እያርከፈከፍን 7 ቀን እናቆየው። ከዚያ የበቀለውን እንቁጠር። 90 ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው። የበቀለው 50 ብቻ ከሆነ ግማሹ ሞቷል ማለት ነው፤ ሌላ ዘር ከአሁኑ እንፈልግ። ቁጥር መማር የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የመሬት ይዞታ ደብተርም ቢርስ ገጾቹን በኃይል አናላቅቅ፤ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ። ወደፊት ግን በላስቲክ ጠቅልለን ከፍ ካለ ቦታ እናስቀምጠው። የምንጭ ውሃም ጎርፍ ከገባበት፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ሳይፈላ አይጠጣ።

3ኛ/ የውሃው መንገድ

ውሃ ቤት የሚገባው በ3 መንገድ ነው።

ሀ/ ከላይ። ጣራ የሚያፈስበት ቦታ ዝናቡ ካባራ አይገኝም። ስለዚህ እየዘነበ ሳለ ከሥሩ ያለውን ቦታ በከሰል ምልክት እናድርግበት። ሣር ክዳን ከሆነ የበሰበሰው ሣር ይለወጥ። ቆርቆሮ ከሆነ የሚስማሩ ቀዳዳ ይደፈን።

ለ/ ከጎን። ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ግድግዳውን እንዳያገኘው፣ ከቤቱ በላይ በኩል ፈሰስ ቆፍረን ውሃውን ወደ ጎን እንምራው። አፈርና ፍግ ከግድግዳ አስጠግተን አንከምር።

ሐ/ ከሥር። ዋልካ መሬት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። አዲስ ቤት ስንሠራ ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። የቤቱ ዙሪያም ውሃ እንዳያቁር ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ።

መንገዱ ከተዘጋ በኋላ የላላውን ምርጊት እናራግፍ። በርና መስኮት ከፍተን ነፋስ ይግባበት። ጥፍራችን በቀላሉ የሚገባበት ግድግዳ ገና አልደረቀም። የበሰበሰው ማገር ተለውጦ፣ ግድግዳው ሲደርቅ ያን ጊዜ እንመርጋለን።

4ኛ/ የጎረቤት ነገር

እኔ ከደጄ የመለስኩት ውሃ አንቺ ጓዳ ከገባ ቤቴን አዳንኩ አይባልም። ፈሰስ የሚቆፈረው ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ ነው። ቅሬው ለቀብር እንደሚሰበሰብ ሁሉ፣ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ተሰብስቦ የመንደሩን ፈሰስ በደቦ ቢጠርግ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኛም ሳቁን ሳይሆን መንገዱን እንይ።

መልመጃ

1. ዝናብ ካባራ በኋላ ግድግዳ ለምን ሊወድቅ ይችላል?
2. ከ100 ፍሬ 65 ከበቀለ፣ ያልበቀለው ስንት ነው?
3. የእርስዎ ቤት ውሃ የሚገባው ከላይ ነው፣ ከጎን ነው ወይስ ከሥር? በ3 መስመር ይጻፉ።