ጌታና ሎሌ ሸሪክ ሲሆኑ፦ የጆን ስፒዳን ልዊስ ሕይወትና ሥራ

ሥራውን የሚሠራ ሰው ከሥራው ትርፍ ምን ያህል ድርሻ ይኑረው? በአመራሩስ? ይህን ጥያቄ ብዙ ሊቃውንት በወረቀት ላይ ተከራክረውበታል። ዛሬ የምናጠናው ሰው ግን ሊቅ ሳይሆን ነጋዴ ነው፤ ጥያቄውንም በገዛ ንብረቱ ሞክሮታል። ስሙ ጆን ስፒዳን ልዊስ፣ አገሩም እንግሊዝ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልዱና አስተዳደጉ

አባቱ ጆን ልዊስ በ1864 ለንደን ውስጥ፣ ኦክስፎርድ ስትሪት በተባለው ጎዳና ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈተ። ከትንሽ ተነሥቶ ትልቅ መደብር ያቆመ ብርቱ ሰው ነው፤ ግትርነቱም የዚያኑ ያህል ነበር። በ1903 ከመሬቱ ባለቤት ጋር ተካሶ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላከብርም በማለቱ እስከ መታሰር ደርሷል። እናትየዋ ደግሞ መምህርት ነበረች። ስፒዳን በ1885 ተወለደ። በ19 ዓመቱ በአባቱ ሱቅ ሥራ ጀመረ፤ 21 ሲሞላውም አባቱ የንግዱን ሩብ ድርሻ ሰጠው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

በ1909 ስፒዳን ከፈረስ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ፤ ለረጅም ጊዜም ከሥራ ራቀ። በነዚያ ዓመታት የሱቁን ሒሳብ ሲያስብ አንድ ነገር ከነከነው። አባቱ፣ ወንድሙና እሱ፣ ሦስቱ ብቻ በዓመት የሚያገኙት ገንዘብ ለሠራተኛው በጠቅላላ ከሚከፈለው ደመወዝ ይበልጥ ነበር። ገንዘብ ያወጣ ሰው ተገቢውን ያግኝ፤ ከዚያ የተረፈውስ የማን ነው? ዕድሜ ልኩን ያልተለየው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሙከራው

በ1914 አባቱ ፒተር ጆንስ የተባለውን ሁለተኛ መደብር እንዲመራ ፈቀደለት። ፈቃዱ ግን ገደብ ነበረው፤ ልጁ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ከዋናው ሱቅ እንዳይጠፋ! መደብሩ ደግሞ የከሰረ ነበር። ስፒዳን የሥራውን ሰዓት አሳጠረ፤ ሻጮች ከሸጡት ላይ ኮሚሽን እንዲያገኙ አደረገ፤ የሠራተኛው ተወካዮች ከኃላፊው ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገሩባቸውን ኮሚቴዎች አቋቋመ። አባትየው ይሄ ነገር አልጣመውም። በ1916 ተጣሉና ስፒዳን በዋናው ሱቅ የነበረውን ሩብ ድርሻ ለቆ በምትኩ ፒተር ጆንስን ተረከበ። ታዲያ ምን ሆነ? የ8 ሺህ ፓውንድ ኪሳራ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 20 ሺህ ፓውንድ ትርፍ ተለወጠ።

በ1918 አንድ ጋዜጣ አስጀመረ። ሠራተኛው ቅሬታውን ስሙን ሳይጽፍ ይልካል፤ ጋዜጣው ያትመዋል፤ የሚመለከተው ኃላፊም እዚያው ላይ መልስ ይሰጣል። እኛ የግድግዳ ጋዜጣ ሰዎች ልብ ልንለው የሚገባን ነገር ነው። በ1920 የትርፍ ክፍፍሉ ተጀመረ። በዚያው ዓመት የአባትየው ሱቅ ሠራተኞች አድመው ሥራ አቆሙ፤ አባትየው ግን አልተበገረም። በአንድ ቤተሰብ ሁለት ዓይነት አመራር ማለት ይህ ነው።

አደራው

አባትየው በ1928 በ92 ዓመቱ ሞተ። ስፒዳን በማግሥቱ ዓመት በ1929 ንግዱ ለሠራተኞቹ ጥቅም በባለአደራ እንዲያዝ የሚያደርገውን የመጀመሪያ ሰነድ ፈረመ። በድርጅቱም ሠራተኛው «ሸሪክ» ይባላል። በ1937 ዌይትሮዝ የተባሉት 10 የምግብ ሸቀጥ መደብሮች ተጨመሩ። በ1940 የኦክስፎርድ ስትሪቱ ሱቅ በጦርነቱ በቦምብ ተመታ፤ ድርጅቱ ግን አልፈረሰም። በ1950 ሁለተኛው ሰነድ ሥልጣኑንም አስተላለፈ። ስፒዳን በ1955 ጡረታ ወጣ፤ በ1963 ዐረፈ።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ትርፍ ማካፈልና ሥልጣን ማካፈል አንድ አይደሉም። ስፒዳን ትርፉን በ1920 ማካፈል ቢጀምርም፣ የመጨረሻውን ቃል ለሠላሳ ዓመታት ያህል በእጁ ይዞት ቆይቷል። ከላይ የተሰጠ ነገር የሰጪው ጥላ አይለየውም።

ሁለተኛ፣ ትርፍ የሚካፈል ኪሳራም ይካፈላል። በ2020 እና በ2021 ድርጅቱ 16 መደብሮች እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በ2021ም ከ1953 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሠራተኛው የትርፍ ድርሻ ሳይከፈል ቀረ። ሸሪክ መባል ከሥራ ከመፈናቀል አያድንም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሰው የሚናገርበት መድረክ ካላገኘ ሸሪክነቱ የስም ብቻ ነው። ነገ ክፍል ውስጥ ስንቆምም ያው ነው፤ ተማሪው ጠይቆ መልስ የሚያገኝበትን መንገድ ሳንከፍት «ክፍሉ የናንተ ነው» ብንለው ማን ያምነናል?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሠራተኛው ድርሻውን ታግሎ ቢያገኘውና ባለቤቱ በፈቃዱ ቢሰጠው ልዩነቱ ምንድን ነው?
2. ስም ያልተጻፈበት ቅሬታ ጥቅሙና ጉዳቱ ምንድን ነው?
3. በትምህርት ቤት ውስጥ «ትርፍ» የምንለው ምኑን ነው? ተካፋዮቹስ እነማን ናቸው?