በእንግሊዝኛ ስለ «ዘ» አገባብ፤ የሚቈጠሩና የማይቈጠሩ ስሞች

በአማርኛ አንድ ነገር የታወቀ መሆኑ በስሙ መጨረሻ ላይ ይገለጻል፤ ይኸውም ፈረስ፥ ፈረሱ፤ ላም፥ ላሚቱ፤ ላሞች፥ ላሞቹ እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ» የምትባል ቃል ከስሙ በፊት ትቆማለች። እርስዋም ለወንድና ለሴት፥ ለነጠላና ለብዙ አንዲት ናት። ስትነገር የምላስ ጫፍ የላይኛውን ጥርስ ይነካል እንጂ ድምፅዋ እንደ አማርኛው «ዘ» አይደለም።

1ኛ፤ የሚቈጠር ስም። አንድ መጽሐፍ፥ ሁለት መጻሕፍት ይባላልና መጽሐፍ የሚቈጠር ስም ነው። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ «ብሪንግ ኤ ቡክ» ይባላል፤ መጽሐፍ አምጣ ማለት ነው። ተናጋሪውና ሰሚው የሚያውቁት ሲሆን ግን «ብሪንግ ዘ ቡክ»፤ መጽሐፉን አምጣ። እንዲህ ያለ ነጠላ ስም ብቻውን ስለማይቆም «ብሪንግ ቡክ» ማለት ስሕተት ነው።

2ኛ፤ የማይቈጠር ስም። ውኃ፥ ሣር፥ ወተት፥ ገንዘብ የማይቈጠሩ ናቸው። ብር ይቈጠራል፤ ነገር ግን አንድ ገንዘብ፥ ሁለት ገንዘብ አይባልም። እነዚህ ስሞች «ኤ»ን አይቀበሉም። ነገሩ በጠቅላላው ሲነገር «ዘ»ም አትገባም፤ የሚቈጠር ስም በብዙ ሲነገርም ሕጉ ይኸው ነው።

ምሳሌ፤ «ካውስ ኢት ግራስ»፤ ላሞች ሣር ይበላሉ።
«ዘ ካውስ ኤት ዘ ግራስ»፤ ላሞቹ ሣሩን በሉት።

ይህች ትንሽ ቃል ስትቀር ሰው ሊጐዳ ይችላል። ባለዕዳ ብድሩን ሁሉ ከፍሎ ሳለ፥ አበዳሪው በደረሰኙ ላይ «አይ ሪሲቭድ መኒ» ብሎ ቢጽፍ ገንዘብ ተቀበልሁ ማለት ብቻ ነው፤ የትኛው ገንዘብ እንደሆነ አይታወቅም። «አይ ሪሲቭድ ዘ መኒ» ቢል ግን በሁለቱ መካከል የታወቀውን ገንዘብ ተቀበልሁ ማለት ነው። ስለዚህ ለወላጆቹ ደብዳቤ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ማስተዋል ይገባዋል።

ማስጠንቀቂያ። «ቤቱ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጓሜ አለው። የታወቀው ቤት ሲሆን «ዘ ሃውስ»፥ የእርሱ ቤት ሲሆን «ሂዝ ሃውስ» ይባላል። ሁለቱን አጣምሮ «ዘ ሂዝ ሃውስ» ማለት አይገባም።

መልመጃ። የሚከተሉት ወደ እንግሊዝኛ ይመለሱ፤
ሀ፤ ወተት ነጭ ነው።
ለ፤ ወተቱ ፈሰሰ።
ሐ፤ ወንበር አምጣ።
መ፤ እረኛው ለበጎቹ ውኃ ሰጠ።