ሽባውን የተሸከሙት አራቱ

ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 2 ጣሪያ ነድለው ሽባውን ያወረዱትን የአራቱን ሰዎች ስም አልጻፈልንም፤ ጌታችን ግን እምነታቸውን አየ። ኵላሊቱ ሥራውን ያቆመ ሕመምተኛ እንደ ደንቡ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ደሙ በመሣሪያ ይታጠባል። ለይፋግ ሰው ይህ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር መመላለስ ነው፤ አስታማሚዋ ሚስትም አዝመራዋንና ልጆቿን ትታ አብራ ትጓዛለች። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ተጀምሯል፤ ሰጪው ከዘመድ ስለሚፈለግ ግን ይህም ለቤተ ሰብ ሌላ ጭንቀት አለው።

ጠያቂዎችም ሸክም የምንጨምርበት ጊዜ አለ። ጨውና ውኃ በልክ የታዘዘለትን፣ ሙዝና ድንች እንዲቀንስ የተነገረውን ሰው «በሞቴ» እያልን ስናጎርሰው፣ ክፉ የምትባለው ከልካይዋ አስታማሚ ናት። ስለዚህ ምእመናን ምን እንደተፈቀደለት አስቀድመው እርሷን ይጠይቁ፤ በአጨዳ ጊዜ ደቦ ይውጡላት፤ ከዘመድም አንዱ በሳምንት አንዱን ጉዞ ይረከባት።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በመቅረቷ ኅሊናዋ የሚወቅሳት ብትኖር፣ ሕመምተኛን ማስታመም በቂ ምክንያት መሆኑን ንገሯት፤ ቅዱስ ቍርባንም ወደ ቤት እንዲመጣላቸው ለቆሞሱ አስታውቁ።