ጉልበትዎን እያመመዎ እንጦጦ ሊወጡ ነው? ማወቅ ያለብዎ

የቅዳሜና እሑድ የእግር ጉዞ አዲስ አበባ ውስጥ ተለምዷል። «ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል» የሚል ሰው ግን ወይ ጭራሹን ይቀራል፣ ወይ ዝም ብሎ ተከትሎ ሄዶ ሳምንቱን ሲያነክስ ይከርማል። ከመወሰንዎ በፊት እነዚህን ያጣሩ።

የሚከብደው መውረዱ ነው

ብዙ ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ነው። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ እንጦጦ ማርያም ይደርስና «ቁልቁለቱስ ይቀለኛል» ብሎ በእግሩ ይወርዳል። ዳገት ይበልጥ የሚፈትነው ልብንና ሳንባን ነው። ቁልቁለት ላይ ግን በየእርምጃው የሰውነት ክብደት ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ክብደቱን የሚይዘው የጭን ጡንቻ ሲዝል ደግሞ ጫናው ወደ መገጣጠሚያው ይዞራል። ስለዚህ በእግርዎ ወጥተው በታክሲ ይውረዱ። ሕመምዎ አስም ወይም የልብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላልና ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይሞክሩት።

ደረጃ ላይ ይሞክሩት

ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው መፈተኛው ደጁ ላይ ነው። ምንም ሳይዙ፣ መደገፊያውን ሳይጨብጡ፣ እስከ ምድር ቤት ይውረዱ። ፍርዱን ግን እዚያው አይስጡ፤ በማግስቱ ጠዋት ጉልበትዎን ይዩት። ካበጠ፣ አልታጠፍ ካለ ወይም ሲወርዱ ድንገት ከከዳዎ፣ ከጫካው በፊት ሐኪም ቤት ይቅደም።

የሚረግጡት ምንድን ነው?

እንጦጦ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የባሕር ዛፍ አገር ነው። ደረቁ ቅጠል ተነባብሮ መንገዱን ይሸፍናል፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ፍሬ ደግሞ ሲረግጡት እንደ ብይ ይንከባለላል። ጤነኛም ይንሸራተትበታል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ የተነጠፈ መንገድ ስላለ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ይበቃል። ጉዞው ወደ መናገሻ ሱባ ከሆነ ደግሞ የጫካው ጽድ፣ ዝግባና ጉሬዛ ልብ ይሰርቃል፤ ግን ጥላው ከባድ በመሆኑ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጭቃው ቶሎ አይደርቅም፣ ሥሩም መንገዱን እያቋረጠ ያደናቅፋል። ለእሱ ኅዳርና ታኅሣሥን ይጠብቁ።

ዱላ ይያዙ፤ ማንም ይሳቅ። የሚያመዎ ቀኝ ጉልበትዎ ከሆነ ዱላው በግራ እጅ ነው የሚያዘው። አብዛኛው ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል፣ ጥቅሙም ይቀንሳል።

ክኒን ውጦ መሄድስ?

አይሆንም። ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ጉልበቱን አያድንም፤ «ቁም» የሚልዎ እሱ ሕመም ነው። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ላለበት ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ጣጣ አለው።

ከማን ጋር ነው የሚሄዱት?

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው። ፈጣኖቹ ቀድመው ይደርሱና አርፈው ይጠብቁዎታል፤ እርስዎ ሲደርሱ «በሉ እንሂድ» ይባላል። የሁሉንም ዕረፍት እነሱ ይወስዳሉ፣ ደካማው ግን ሳያርፍ ይውላል። ገና ሳይነሡ ይናገሩ፦ «ስደርስ አምስት ደቂቃ እቀመጣለሁ»። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ርቀት ከጠየቁ ደግሞ «እቺው ናት» ቢልዎ አይመኑ፤ እሱ የለካው በራሱ እግር ነው።

ለአዘጋጁ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡለት፦ ቁልቁለቱ ምን ያህል ይረዝማል? መሃል ላይ መመለሻ አለ? መኪናው የሚጠብቀን የት ነው? ለሦስቱም ቁርጥ ያለ መልስ ካገኙ ይሂዱ። «ችግር የለም፣ እንደርሳለን» ብቻ ካሉዎ ግን የዚህ ሳምንቱን ይለፉት።