የቆዳ ናሙና ስለ አንጎል በሽታ ምን ይነግራል?

ጥያቄ፦ አባቴ የሀንቲንግተን በሽታ አለበት። ተመራማሪዎች የቆዳ ናሙና እንዲሰጥ ጠየቁት። በሽታው የአንጎል ሆኖ ሳለ ቆዳው ምን ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ በሕይወት ካለ ሰው አንጎል ናሙና መውሰድ አደገኛ ነው። ተመራማሪው ሺንያ ያማናካ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው የቆዳ ህዋስ ውስጥ አራት ዘረ-መሎች በማስገባት ህዋሱን ወደ ሌሎች የህዋስ ዓይነቶች መለወጥ ወደሚችል ግንደ ህዋስነት መመለስ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚህ ግንደ ህዋስም የአባትዎን ዘረ-መል የያዘ የነርቭ ህዋስ በቤተ ሙከራ ማሳደግ ይቻላል።

የበሽታው መንስኤ ኤችቲቲ በተባለው ዘረ-መል ውስጥ ሲኤጂ የሚባሉት ሦስት ፊደላት ከመጠን በላይ መደጋገማቸው ነው። የአባትዎን ህዋስ ከሌላ ጤነኛ ሰው ህዋስ ጋር ማነጻጸር ግን ያሳስታል፤ ሁለት ሰዎች በብዙ ሌሎች ነገሮችም ይለያያሉና። ስለዚህ ተመራማሪዎች ክሪስፐር በተባለው የዘረ-መል ማረሚያ ዘዴ ከአባትዎ ህዋስ ያንኑ ስህተት ብቻ ያርማሉ። የታረመውና ያልታረመው ጎን ለጎን ሲጠኑ የበሽታው አሠራር ይገለጣል፤ መድኃኒትም ይሞከርባቸዋል።

ገደብ አለው፦ በሽታው በአብዛኛው በጉልምስና የሚጀምር ሲሆን እነዚህ ህዋሶች ግን ገና ለጋ ናቸው። ናሙናው አባትዎን ባይፈውስም ለሚመጣው ትውልድ ትልቅ ስጦታ ነው። እርስዎም የመውረስ ዕድልዎ 50 በመቶ ስለሆነ፣ ከመመርመርዎ በፊት የዘረ-መል አማካሪ ያነጋግሩ።