ገበያውም የወንጌል መስክ ነው

ኢጣሊያዊው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) በ1839 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዐድዋ ሲደርሱ፣ መልእክተኛ ላኪዋ አውሮፓ ነበረች። ዛሬ በዚያ ብዙዎች እምነታቸውን የተዉት በዝምታ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ ተልእኮ በጻፉት መልእክት፣ ጥንታውያን የክርስቲያን አገሮችም አዲስ ስብከተ ወንጌል እንደሚያሻቸው ያስተማሩት ስለዚህ ነው።

ውድ ምእመናን፣ ነገሩ ሩቅ መስሎ አይታየን። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ በተጎራበቱበት በመርካቶ እግዚአብሔርን የሚክድ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ስሙ ለመሐላ ሲጠራ፣ ሚዛን ሲያዝ ግን ሲዘነጋ እናያለን። ዓለማዊነት በዚህም በር ይገባል።

ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና በምኵራብ ብቻ ሳይወሰን በየቀኑ በገበያ ይነጋገር ነበር (የሐዋ. ሥራ 17፥17)። ጳውሎስ ስድስተኛም በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሕይወት ምስክርነት እንደሚቀድም፣ ነገር ግን ያለ ቃል እንደማይበቃ አስተምረዋል። እንግዲህ ሐቀኛ ሚዛን ጥያቄ ያስነሣል፤ መልሱን መናገርም የእኛ ድርሻ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ነገ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው ልጃችን የሚጠየቀው «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነህ?» ተብሎ ሳይሆን «ስለ ምን ታምናለህ?» ተብሎ ነው። ጸሎቱን በቃል ካስጠናነው በኋላ፣ ይህን መልስ በራሱ አንደበት እንዲናገር አለማምደነዋልን?